አስቸኳይ፦ ሞርፊን የምትወስደው እናቴን ተቅማጥ ያዛት፣ ሎፔራማይድ ልስጣት?

የከዚራዋ፦ እናቴ የማህፀን በር ካንሰር አለባት። ሌላው ሕክምና ቆሞ አሁን የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው። ሞርፊን ሽሮፕ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው፣ ሕመሙም ጋብ ብሎላት ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ሳታውቀው እያመለጣት አንሶላ አራት ጊዜ ቀየርን። ፋርማሲው ተቅማጥ የሚያቆም ሎፔራማይድ አለ፣ ስንት ልስጣት? ወይስ ሞርፊኑን ላቁም? ቶሎ በሉልኝ።

ግመል ጫኝ፦ አቦ፣ መጀመሪያ ኦአርኤስ፣ የወጣውን ፈሳሽ የሚተካው ዱቄት! 1 ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ አጠጫት። በድሬዳዋ ሙቀት የሰውነት ውሃ ማለቅ ይቀድማል።

መምህሩ፦ ሞርፊን አይቆምም። በድንገት ካቆምሽው ሕመሙ ይመለሳል፣ ሰውነቷ ስለለመደውም ላብ፣ ቁርጠትና እውነተኛ ተቅማጥ ይከተላል። ይህ ደግሞ ሱስ ማለት አይደለም። ሽሮፑ የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ነውና ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በሰዓቱ ይሰጣል። ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም ይላል? ብርታቱ ስለሚለያይ «አንድ ማንኪያ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። በነገራችን ላይ ብርሃን የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው፣ መስኮት ላይ እንዳይሆን።

ጓንት፦ መምህሬ፣ የተጠየቀው ሌላ ነው። የከዚራዋ፣ ከዚህ በፊት ሰገራ ከወጣች ስንት ቀኗ ነው? ማታ ማታ የሚዋጥ ቢሳኮዲል፣ የሆድ ድርቀት መድኃኒቱ፣ አልታዘዘላትም?

የከዚራዋ፦ 8 ቀን ገደማ። ቢሳኮዲሉ ታዞ ነበር፣ ምግብ ስለማትበላ ነው ብዬ አልሰጠኋትም።

ጓንት፦ እንግዲያው ተቅማጥ ላይሆን ይችላል። ሞርፊን አንጀትን ያዘገያል፤ ሰገራው ታች ደርቆ እንደ ድንጋይ ይደፍናል፣ ከላይ ያለው ውሃ ብቻ በጎን እየሾለከ ይወጣል። ሎፔራማይድ ከሰጠሻት መውጫውን ጨርሰሽ ዘጋሽው። ባትበላም ሰገራ ይኖራል፣ ቢሳኮዲል ከሞርፊኑ ጋር አብሮ የሚጀመረው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ግን ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ እዪ። የማህፀን በር ካንሰር አንዳንዴ በፊንጢጣና በብልት መሃል ቀዳዳ ይከፍታል። በብልት በኩል ከሆነ ወይም ደም ካለው ምንም ነገር አታስገቢ፣ ሐኪም ይያት። ሆዷ ከተነፋ፣ ካስታወካትና ጋዝም ከቆመ አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ቢሳኮዲልም አትስጫት፣ ዛሬውኑ ድል ጮራ ሆስፒታል ውሰጃት።

እነዚህ ከሌሉ ነርስ ቤት ጥሪ። ጓንት አድርጋ ጣቷን በቫዝሊን ቀብታ ፊንጢጣዋን ትፈትሽላት። ሰገራው ደረቅ ከሆነ ግሊሰሪን ሰፖዚተሪ (በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት) ይቀድማል፣ ያለሰልሰዋል። ለስላሳ ከሆነ ቢሳኮዲል ሰፖዚተሪ 10 ሚሊ ግራም። ቢሳኮዲሉ የፊንጢጣውን ግድግዳ መንካት አለበት፤ ሰገራው ውስጥ ከተሰካ አይሠራም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

እምዬ ተልባ፦ ተልባ በጥብጪላት እንጂ ምን ይሄ ሁሉ!

ጓንት፦ ተልባ ውሃ ስቦ ነው የሚያብጠው። በቀን ሁለት ብርጭቆ እንኳ ለማትጠጣ፣ አንጀቷም ለዘገየ ሰው መድፈኛ ይሆናል። ፓፓያ ይሻላል፣ ከቻለች።

ግመል ጫኝ፦ ኦአርኤሱን እንዳትረሺ። የግመል ወተትም አለ፣ ከላይ የገባ ከታች ሳይሰናበት አይቀርም 😄

ፋርማሲስቱ፦ ከቀለድክ አይቀር፦ ቢሳኮዲልን ከወተት ጋር እንዳትሰጪ፣ የግመልም ቢሆን። ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ይሟሟና ቁርጠት ያመጣል። ሳይፈጭ፣ በውሃ ይዋጥ። አሁን የደፈነው ከወጣ በኋላ ባለ 5 ሚሊ ግራሙን 1 ወይም 2 ፍሬ በየማታው፣ ሞርፊን እስካለ ድረስ። በ2 ቀን ካልሠራ ሐኪሟ ይጨምርላታል።

የከዚራዋ፦ በፊንጢጣ ነው የሚወጣው፣ ደምም የለውም። ሆዷ ለስላሳ ነው፣ አላስታወካትም። ነርሷ እየመጣች ነው። ግሊሰሪኑን ገዛሁ ግን ቤት እስክደርስ ለሰለሰ፣ ይጣል?

ፋርማሲስቱ፦ አይጣልም። ሳትከፍቺው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዪው። ሲጠነክር ልጣጩን አውጥተሽ ውሃ አስነክተሽ ለነርሷ ስጪያት።

ጓንት፦ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ። ከገባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቆይ። ቆዳዋን ደግሞ አትሹት፣ በለብ ያለ ውሃ አጥበሽ ቫዝሊን ቀቢያት።

እምዬ ተልባ፦ ወጣ?

ግመል ጫኝ፦ የከዚራዋ?