ኩላሊቱን የታመመ ሰው ስጠይቅ ምን ይዤ ልሂድ?

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። አጎቴ ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል ከተኛ 4 ቀኑ ነው። ነገ ልጠይቀው ነው። እናቴ «ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ፣ ብርቱካንና ሙዝ ያዢ» ትለኛለች። ልጆቼንም ልወስዳቸው አስቤ ነበር፤ በጣም ይወዳቸዋል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦
እግዜር ይማርላችሁ። ልጆቹን ቤት ተያቸው። ብዙ ቦታ ጥበቃው ከበር ይመልሳቸዋል። ቢገቡም ለእነሱም ለታማሚውም ጥሩ አይደለም። አንቺም ጉንፋን ከያዘሽ ቅሪና ደውይለት።

መልስ 2፦
እህቴ፣ እኔ አባቴን 2 ወር ከ10 ቀን አስታምሜያለሁ። እሱም ኩላሊት ነበር። ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አላቸው። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየሙን በደንብ አያስወጣም፤ ደም ውስጥ ሲበዛ ልብን ይረብሻል። ሐኪሙ ሁለቱንም ከልክሎት ነበር። ውሃ እንኳን ተለክቶ ነበር የሚሰጠው። ኮመዲኖው ላይ ግን ብርቱካን በፌስታል በፌስታል ተደርድሯል። ሰው በፍቅር ነው የሚያመጣው። አባቴ ያየዋል፣ ያምረዋል፣ ዝም ይላል። ማታ እኔ ለሌሎች አስታማሚዎች አከፋፍለው ነበር። የሁሉም ኩላሊት ታማሚ ክልከላ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ምንም ከመግዛትሽ በፊት አስታማሚውን ጠይቂ።

ወሬም ምረጪ። አንድ ዘመዳችን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «የኛም ጎረቤት በዚሁ ነው ያረፈው» አለ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከ ማታ አላናገረንም።

አስታማሚውንም አትርሺ። እኔ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፌ ነበር የማድረው። አንድ ቀን የሰፈራችን እናት ፍርፍር በምሳ ዕቃ ይዘው መጡ። «ይህን ብላና ቤት ሂድ። ታጠብ፣ ተኛ። እስክትመለስ እኔ አለሁ» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደሳቸው ያሳረፈኝ ጠያቂ የለም። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው።

መልስ 3፦
እኔ ደግሞ ሰዓት እላለሁ። 10 ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ብቻ ቆዪ። ስትገቢም ስትወጪም እጅሽን ታጠቢ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የአጎቴ ሚስት ጋ አሁኑኑ ደወልኩ። ለሱ ምን ላምጣ ስላት ዝም አለች። ከዚያ «ለሱ ምንም አያስፈልገውም። ካላስቸገርኩሽ ለኔ ጋቢ ይዘሽልኝ ነይ፤ ሌሊት ወለሉ ይበርዳል» አለችኝ። 4 ቀን ሙሉ ማንም አልጠየቃትም።