ታካሚ ሳነሳ ወገቤ ተጎዳ፣ ሐሙስ ኢንሹራንሱ ሊያናግረኝ ነው (ቨርጂኒያ)

የሌሊት ሺፍት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት። ናርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። የዛሬ 12 ቀን ሌሊት አንዲት እናት ሽንት ቤት ልወስዳቸው ከአልጋ ሳነሳቸው ጉልበታቸው ከዳቸው። እንዳይወድቁ ብዬ አቅፌ ስይዛቸው ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ማንሻው ማሽን ባትሪው ሞቶ ነበር። ጠዋት መኪና ውስጥ ስገባ ቀኝ እግሬን በእጄ አንስቼ ነው ያስገባሁት። ለሱፐርቫይዘሬ ያኔውኑ ነግሬያታለሁ፣ "አረፍ በይ፣ ይተውሻል" አለችኝ። አሁን የአሠሪዬ ኢንሹራንስ በስልክ ድምፅሽን እየቀዳን እንጠይቅሻለን ብሏል። ምን ልበል? ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ካስገባሁ ያባርሩኛል ብዬም ፈርቻለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ።

እመ ሦስት፦
እግዜር ይማርሽ እህቴ። እኔ ኬሴን ያጣሁት በዚያ ስልክ ነው። "ወገብሽን አሞሽ ያውቃል?" አለችኝ የኢንሹራንሱ ሴትዮ። "ኧረ ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ያመኛል" አልኳት። ማናችንን የማያመን አለ? ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ቀስ በቀስ የመጣ የወገብ ሕመም አይካስም። በአንድ በታወቀ ሰዓት፣ በአንድ በታወቀ ነገር ድንገት የደረሰ ጉዳት መሆን አለበት። ያን ቀን አልጋ ስስብ የደረሰብኝን ሳልናገር ቀረሁ። ከለከሉኝ። ስምንት ወር ያለ ደመወዝ ተቀመጥኩ።

አትዋሺ፣ የቆየ ሕመም ካለሽም አትደብቂ። ግን የዚያን ሌሊቱን ከሁሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ ስትይዣቸው፣ ቀጭ ሲል። ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፊው። እንግሊዝኛ ብትችዪም አስተርጓሚ ጠይቂ።

ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ተናገሪ። እኔ "ዘጠኝ ሰዓት" ብዬ፣ ሪፖርቱ ላይ ከሌሊቱ 3 ተጽፎ፣ ቃልሽ አይገጥምም ተብያለሁ።

ጋሽ አኒ፦
እመ ሦስት እውነቷን ነው። ልጄ፣ አፍ ብቻ አይበቃም፣ ለአሠሪሽ በጽሑፍ አሳውቂ። 30 ቀን ነው ያለሽ፣ 12ቱ አልፏል። ሌላው ብዙ ሀበሻ የሚሳሳትበት ነገር፦ አሠሪው ሪፖርት አደረገ ማለት አንቺ ክሌም አስገባሽ ማለት አይደለም። ራስሽ ለቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ማስገባት አለብሽ። ከተጎዳሽበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ካለፈ በሩ ይዘጋል። ኢንሹራንሱ የሐኪም ቤት ሲከፍልላቸው ሁሉ ነገር ያለቀ መስሏቸው ቀኑ ያለፈባቸውን አውቃለሁ።

ክሌም አስገባሽ ብለው ብቻ ማባረር በሕግ ክልክል ነው።

ቲጂ፦
ሐኪሙንስ? አሠሪው ቢያንስ የሦስት ሐኪሞች ስም ሊሰጥሽ ይገባል፣ ከነሱ አንዱን አንቺ ትመርጫለሽ። ዝም ብለው ወደ አንዱ ከላኩሽ ዝርዝሩን ጠይቂ። ሐኪሙ ከሥራ ካስቀረሽ የሚከፈልሽ የሳምንት አማካይ ደመወዝሽ ሁለት ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት አይከፍሉም፣ ከ21 ቀን በላይ ከቀረሽ ግን እነሱም ይከፈላሉ። ወደ ሐኪም የነዳሽበትን ማይልም መዝግቢ።

የሌሊት ሺፍት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆቹን አስተኝቼ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከሌሊቱ 8፡40 ነበር፣ በፈረንጅ 2፡40። ለሱፐርቫይዘሬም በቴክስትና በኢሜይል ላክሁ። "ደርሶኛል" ብላለች። ፎቶ አንስቼዋለሁ።