ጥቆማ፦ ተማሪ ይዞ ወፍ ለማየት የት ይሻላል? ምንስ ይገዛ?

አዲስ አበባ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለምትመሩ መምህራን ነው። ሩቅ የሚያቀርብ መነጽር ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የራሳችሁን ግቢ እዩ። ጋጋኖ የማይጮህበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል። ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለችውን ቆዳና ሲበር ክንፉ ላይ የሚታየውን ነጭ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩዋቸው፣ ከዚያ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ እንደማይኖር ንገሯቸው። ልጆቹ በየቀኑ የሚያዩት ወፍ ስለሆነ በጣም ይገረማሉ።

ከግቢ ስትወጡ የኔ ምርጫ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል ነው። አገር በቀል ዛፍና አበባ ስላለ ወፉም ብዙ ዓይነት ነው፣ ጸጥታውም ይመቻል። እንጦጦ ፓርክ ለሽርሽር ግሩም ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ባሕር ዛፉ ይበዛል፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰዉ አያስቆምም። የውሃ ወፍ ከሆነ የፈለጋችሁት በአምቦ መንገድ ገፈርሳ ሂዱ። ክንፉ ላይ ሰማያዊ ያለው የኢትዮጵያ ዝይ እዚያ ይገኛል። የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድብ ስለሆነ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ያዙ። የትም ሂዱ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እዚያ ድረሱ፤ ፀሐይ ከከረረች ወፉም ልጁም ይደክማል።

መነጽር፦ 8×32 ወይም 8×42 የተጻፈበት ይበቃል (የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው)፣ ለአምስት ልጅ አንድ። «30×60» ተብሎ የሚሸጠውን ርካሹን ተዉት፣ ቁጥሩ እውነት አይደለም፣ ቢሆንም እንኳ በልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ሩቅ ያለ ታፔላ አንብቡበት። ጽሑፉ ሁለት ሆኖ ከታያችሁ አትግዙ።

ስልክ ላይ የወፍ ስም ለመለየት ሜርሊን የሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መተግበሪያ ነፃ ነው፣ የአካባቢያችንን የወፎች መረጃ ዋይፋይ ባለበት ቀድማችሁ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። እኔ የምወደው ጥያቄዎቹን ነው፦ መጠኑ ምን ያህል ነው? ቀለሙስ? ምን እያደረገ ነበር? ልጁ እነዚህን ደብተሩ ላይ ሳይመልስና ወፉን ሳይስል ስልኩን አትስጡት። ፎቶ አንስቶ ስሙን የሚያገኝ ልጅ ወፉን በደንብ አያየውም።

ሐዋሳ ያላችሁ ታድላችኋል። ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ብቻ ውሰዷቸው፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቆሞ ትርፍራፊ ሲጠብቅ ያለ መነጽር ይታያል። በእጃቸው ግን አያጉርሱት፣ ምንቃሩ ኃይለኛ ነው።