ከሪክላይነር ላይ የሚንሸራተቱ አረጋውያን፦ ምን ዓይነት ወንበር ልግዛ?

የኬንቷ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ስቴት፣ 6 ሰው የሚይዝ አዳልት ፋሚሊ ሆም (አረጋውያን የሚጦሩበት መኖሪያ ቤት) ነው። ሳሎን ያሉት ሪክላይነሮች (ጀርባቸው የሚተኛ፣ እግር ማሳረፊያቸው የሚነሳ ወንበሮች) ከተራ የሶፋ ሱቅ የመጡ፣ ሰፊና ለስላሳ ናቸው። ሁለቱን ልቀይር ነው፤ ገንዘቡ ከሁለት ስለማያልፍ ከገዛሁ በኋላ እንዳይቆጨኝ ቀድሜ ልጠይቅ ብዬ ነው።

አንደኛዋ እናት የመርሳት በሽታ አለባቸው። አጭር ናቸው፣ 5 ጫማ አይሞሉም። በዎከር ይራመዳሉ። ከተቀመጡ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ፊት ይንሸራተቱና አገጫቸው ደረታቸው ላይ ያርፋል። ሁለተኛው አባት በስትሮክ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አይቆሙም፣ ከአልጋ የሚነሱት በሆየር ሊፍት (ሰውን በጨርቅ አንጠልጥሎ በሚያነሳ መሣሪያ) ነው። ወደ ግራ ያጋድላሉ፣ ጭራ አጥንታቸው ላይ ደግሞ ቆዳው መጥቆር ጀምሯል።

ሻጩ ባለ ሁለት ሞተር ሊፍት ቼር (ሰውን ከፍ አድርጎ የሚያስነሳ ወንበር) ለሁለቱም ይሆናል ይላል። እንዳይንሸራተቱ የወንበር ቀበቶ ግዢላቸው የሚሉም አሉ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለ ሜትር

እህቴ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ወንበር አይሆንም። ከመግዛትሽ በፊት ሜትር ያዢ። ጫማቸውን አድርገው ጠንካራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ፣ ወገባቸው መደገፊያውን ነክቶ ይቀመጡ። በራሳቸው ቀጥ ብለው መቀመጥ የማይችሉትን አባት አልጋ ላይ በጎናቸው አስተኝተሽ፣ ዳሌና ጉልበታቸውን አጥፈሽ ለኪያቸው።

ዋናው ልክ ከመቀመጫቸው ጀርባ እስከ ቋንጃ ያለው ነው። ከእሱ 2 ኢንች ስትቀንሺ የወንበሩን ጥልቀት ታገኛለሽ። ከቋንጃ እስከ ጫማ ተረከዝ ያለው ቁመቱን ይሰጥሻል። ዳሌ ከጎን እስከ ጎን ተለክቶ 2 ኢንች ቢጨመርበት ስፋቱ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሰፋ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። ክርን ታጥፎ ከመቀመጫው ያለው ከፍታ ደግሞ የክንድ ማሳረፊያውን ይወስናል። የወንበሩን ቁመት ስትለኪ ሰው ተቀምጦበት ይሁን፤ ስፖንጁ ሲረገጥ 1 ወይም 2 ኢንች ይወርዳል።

አሁን የሚንሸራተቱበትን ምክንያት እንየው። ተራ የሶፋ መቀመጫ ጥልቀቱ 20 ኢንች አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። አጭር እናት ጭናቸው 17 ኢንች ከሆነ፣ ወገባቸው መደገፊያውን ከመንካቱ በፊት የመቀመጫው ጠርዝ ቋንጃቸውን ይገፋዋል። ስለዚህ ዳሌያቸው ወደ ኋላ መግባት አይችልም፤ ወደ ኋላ ይጠቀለልና በሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ፈንታ በጭራ አጥንት ይቀመጣሉ። እግራቸው መሬት ካልነካ ደግሞ የሚገታቸው ነገር የለም። ቀበቶ ይህንን አያስተካክልም። ሰውየው ከስሩ እየተንሸራተተ ሲሄድ ቀበቶው ወደ ሆድ፣ ከዚያ ወደ ደረትና አንገት ይወጣል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የእግር ማሳረፊያውን ነው። የቋንጃ ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ተነስቶ ጉልበትን አልፎ ቅልጥም ላይ ይያያዛል። ዓመታት ተቀምጠው የኖሩ ሰዎች ላይ ያጥራል። እግሩን ቀጥ አድርገሽ ስታነሺው ያጠረው ጡንቻ ዳሌን ወደ ፊት ይስበዋል፣ ይኼኔ መንሸራተቱ ይጀምራል። በጀርባቸው አስተኝተሽ ጭናቸውን ቀጥ ወደ ላይ አቁመሽ ጉልበታቸውን ቀስ ብለሽ ዘርጊው፤ ዳሌያቸው መንቀሳቀስ የጀመረበት ማዕዘን ላይ ቁሚ። ማሳረፊያው ከዚያ በላይ መነሳት የለበትም።

ባለ ሁለት ሞተር ማለት ጀርባውና እግሩ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ ማለት ብቻ ነው። ጀርባው ሲተኛ የዳሌ ማዕዘን ይከፈታል፣ ሲመለስ ደግሞ ቆዳው ከጨርቁ ጋር ይፋተጋል። ለአባታችን የሚያስፈልገው ሙሉ ወንበሩ አንድ ላይ ወደ ኋላ የሚያጋድል ነው፤ ቲልት ኢን ስፔስ ይሉታል። ጀበና ወደ ስኒ ሲዘነበል ሆዱና አንገቱ አብረው እንደሚሄዱት ማለት ነው፣ በመካከላቸው ያለው ማዕዘን አይለወጥም። 10 ወይም 15 ዲግሪ አቀማመጥን ያረጋጋል እንጂ ለቆዳ ብዙም አይጠቅምም፤ ክብደቱ ከመቀመጫ ወደ ጀርባ እንዲሸሽ ቢያንስ 30 ዲግሪ ያስፈልጋል። ወንበሩ ሁለቱንም የሚሠራ ከሆነ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦ መጀመሪያ ማጋደል፣ ከዚያ ጀርባውን ማስተኛት። ሲመለስ ተቃራኒው፣ ጀርባው ቀድሞ ይነሳል።

ወደ ግራ ማጋደላቸውን ከዳሌ ጀምሪ። አንዱ ዳሌ ከሌላው ዝቅ ብሎ ከሆነ ላዩን ብትደግፊው አይረጋም። ዳሌያቸው በሁለቱም ጎን ከተያዘ በኋላ በግራ፣ ከብብት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ የጎን ድጋፍ ይግባ። የታመመው ክንድ ሰፊ ማሳረፊያ ላይ ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ ከዋለ ትከሻው ከቦታው እየወረደ ያማል። የተጠቀለለ ፎጣ በጎን መወተፍ ግን ሰዓት ሳይሞላ ይወርዳል።

እናታችን የሚራመዱ ከሆነ ሞተር ለምን? የሚስተካከል ወንበር ሁሉ ኤሌክትሪክ የግድ አይፈልግም። እግሮቹ ቁመታቸው የሚለወጥ፣ የጀርባ ስፖንጁ ተጨምሮ ወይም ተነስቶ ጥልቀቱ የሚስተካከል፣ ጠንከር ያለ ወንበር ይሻላቸዋል። የክንድ ማሳረፊያው እስከ መቀመጫው ጠርዝ ድረስ ይምጣ፤ ሲነሱ የሚገፉት እሱን ነው።

ነርሷ

የቆዳውን ነገር ዛሬውኑ እዪው፣ ወንበሩን አትጠብቂ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም። በእጅሽ ጀርባ ዳሰሽ ከአካባቢው ይሞቃል ወይ ይቀዘቅዛል፣ ጠጥሯል ወይስ ልሟል፣ ሲነካ ያማቸዋል ወይ የሚለውን መርምሪ። ተጭነሽ ስትለቂው ቀለሙ ካልተለወጠ የአልጋ ቁስል ጀምሯል ብለሽ ለነርሳችሁ ወይም ለሐኪሙ አሳውቂ። እስኪሻል መቀመጥን በምግብ ሰዓት ብቻ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ አድርጊው።

የአየር ትራስ ከገዛሽ ተቀምጠውበት መዳፍሽን በትራሱና በመቀመጫቸው መካከል አስገቢና ዝቅ ያለውን አጥንት ፈልጊ። በአጥንቱና በትራሱ ወለል መካከል ከግማሽ እስከ 1 ኢንች መኖር አለበት። አየሩ ሲበዛ እንደ ኳስ ያንገዳግዳቸዋል፣ ሲያንስ አጥንቱ ወለሉን ይነካል። መሃሉ ቀዳዳ የሆነውን ክብ ትራስ አትግዢ፤ ዳር ዳሩን እየተጫነ የደም ዝውውሩን ያውካል። ትራሱ ላይ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሦስት ፓድ፣ የሆየር ስሊንግ (ማንሻ ጨርቅ) ተደራርቦ ከተነጠፈ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠርና የከፈልሽበትን ጥቅም ያጠፋዋል። ባለ ሜትር ያልጠቀሰው አንድ ነገር፦ ትራሱ 3 ወይም 4 ኢንች ውፍረት ስላለው የመቀመጫውም የክንድ ማሳረፊያውም ልክ ይቀየራል። ትራሱን አስቀምጠሽ ለኪ።

ሆየሩን አትርሺ! እግሮቹ ከወንበሩ ስር መግባት አለባቸው፤ ብዙዎቹ 4 ኢንች ተኩል አካባቢ ክፍተት ይፈልጋሉ፣ የራስሽን ለክተሽ ሂጂ። የሊፍት ቼር ሞተርና ብረት ወለሉ ላይ የተዘረጋ ስለሆነ አያስገባም። ስታወርጃቸው ወንበሩ ትንሽ ወደ ኋላ አጋድሎ ይጠብቃቸው፣ ዳሌያቸው በቀጥታ መደገፊያው ጋ ይገባል። ሲመገቡ ግን ቀጥ ይበሉ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደዚያው ይቆዩ፤ ወደ ኋላ እንዳጋደሉ ከዋጡ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ስለ ቀበቶው በአጭሩ፦ ሰው ራሱ ፈትቶ ሊነሳ የማይችልበት ነገር ሁሉ እንደ ማሰር ይቆጠራል። እግር ማሳረፊያው ተነስቶ፣ ሪሞቱ ከእጃቸው ርቆ እናታችን መውረድ ካልቻሉ ያው ሪክላይነርም ማሰሪያ ነው። የአባታችንን ወንበር በተመለከተ ለምን እንደተመረጠና በስንት ሰዓት ስንት ዲግሪ እንደሚያጋድል ኬር ፕላናቸው (የእንክብካቤ ዕቅዳቸው) ላይ ጻፊው፤ ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ የምትጠይቀው እሱን ነው።

ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ይከፍል ይሆን ብለሽ ከሆነ፣ የሚከፍለው ለማንሻው ሞተር ብቻ ነው፣ ለወንበሩ አይከፍልም። እሱም ከባድ የዳሌ ወይም የጉልበት አርትራይተስ ወይም ከባድ የነርቭና ጡንቻ ሕመም ኖሮባቸው፣ ቤት ካለ ከየትኛውም ወንበር መነሳት ለማይችሉ፣ ከቆሙ በኋላ ግን ለሚራመዱ። የአንቺ ሁለቱም በዚህ የሚያልፉ አይመስሉኝም።

ብሎንና ሞተር

ያገለገለ ለመግዛት ካሰብሽ እኔም ልጨምር። ሰው አስቀምጠሽበት ከታች እስከ ላይ ሁለት ጊዜ አስኪጂው። ባዶውን የማያቃስት ሞተር በክብደት ሲንቋቋ ትሰሚያለሽ። ጉልበትሽን መቀመጫው መሃል አድርገሽ ተጫኚ፤ እንጨቱ ወይም ብረቱ ከተሰማሽ ስፖንጁ አልቋል። ሽፋኑ የተሰፋበት መስመር የት እንዳለ ተመልከቺ፤ ከላይ በመቀመጫው ላይ ካለፈ ሽንት በመርፌ ቀዳዳው ሰርጎ ስፖንጁ ውስጥ ይገባል፣ ሽታው ከዚያ በኋላ አይለቅም። በጣትሽ በመቀመጫውና በመደገፊያው መካከል ግቢ፣ የሚጸዳ ክፍተት አለው ወይ?

ሊፍት ቼር ቀጥታ ግድግዳ ላይ ይሰካ፤ ኤክስቴንሽን አይሆንም። ገመዱ ከማጠፊያው ብረት ስር እንዳያልፍ፣ አንድ ቀን ይቆርጠዋል። ብዙዎቹ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይይዛሉ፤ መብራት ሲጠፋ አንድ ጊዜ ለማውረድ ብቻ ስለሆነ በዓመት ይቀየር። ጎማ ላላቸው 5 ኢንች ጎማ ምረጪ፣ 3 ኢንቹ የበር ደፍ ላይ ይቀረቀራል። ሲጸዳ በየቀኑ ሳሙና ይበቃል። በረኪና ሲያስፈልግ 1 እጅ ለ9 እጅ ውኃ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይጠረግ፤ ሳይጠረግ የቀረ ሽፋን ይደርቅና ይሰነጠቃል።

የኬንቷ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ለካሁ። የእናታችን ጭን 17፣ ከቋንጃ እስከ ተረከዝ 15፣ ዳሌ 14 ኢንች። ያለው ሪክላይነር ጥልቀቱ 21፣ ቁመቱ 19 ነው። አዲሱ እስኪመጣ ከጀርባቸው ትራስ፣ ከእግራቸው ስር በርጩማ ባደርግ ምን ይመስላችኋል?

ባለ ሜትር

ከ17 ላይ 2 ሲቀነስ 15 ነው፤ ስለዚህ 6 ኢንች መሙላት አለብሽ። ለስላሳ ትራስ ተጨፍልቆ 2 ኢንች ይሆናል፣ ወገብ ላይ ብቻ ከገባም ዳሌውን ይበልጥ ወደ ፊት ይገፋዋል። የሚሠራው ጠንካራ ስፖንጅ ከመቀመጫው ጀምሮ እስከ ትከሻ የሚደርስ ነው። በርጩማውን ግን ተይው። 4 ኢንች ስለሚጎድል የሚያስፈልግ ቢሆንም፣ እሳቸው ሳይነግሩሽ ብድግ የሚሉ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚያደናቅፋቸው እሱ ይሆናል። እስከዚያው ክንድ ማሳረፊያ ያለው የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይሻላቸዋል፣ የመቀመጫው ቁመት ከ15 ኢንች በላይ ከሆነ የወንበሩ እግሮች ይቆረጡ። ሪክላይነሩን ከነዋሪዎቹ ረጅም ለሆኑት ስጪያቸው።

አዲሱን ለአንድ ሳምንት በሙከራ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ሲቀመጡ ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ ጉልበታቸው ያለውን ለክተሽ ጻፊ፣ በ30፣ በ60 እና በ120 ደቂቃ ድገሚው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ1 ኢንች በላይ ወደ ፊት ከመጡ መልሺው፤ ልኩ አይደለም።