በአልበከርኪ ከልጆችና ከእናቴ ጋር ወዴት ብንወጣ ይሻላል?

ጠያቂ፦ አዲስ ነዋሪ

ጤና ይስጥልኝ። ከ12 ዓመት የቨርጂኒያ ኑሮ በኋላ በሥራ ምክንያት ወደ አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ ከመጣን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። ወንዱ ልጄ 11፣ ሴቷ 7 ዓመቷ ሲሆን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴም ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን አሉ። ባለፈው ቅዳሜ ፀሐይ ከበረታች በኋላ በሳንዲያ ተራራ ግርጌ በእግር ለመጓዝ ወጥተን፣ ገና ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ልጄን ራሷን አመማትና አዝያት ተመለስኩ። ከንፈሯ ደርቆ ነበር፤ ፊቷ ላይ ግን ጠብታ ላብ ስላላየሁ ውሃ ጠምቷት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ልጆቼ ሰኔና ሐምሌን ቤት ውስጥ ተዘግተው እንዲያሳልፉ አልፈልግም። የት፣ መቼና እንዴት ብንወጣ ይሻላል?

መልስ፦ የተራራው ጎረቤት

እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ልጅዎንም እግዚአብሔር ይማርልዎ። ልጅቱን ሳያልባት ቀርቶ አይደለም፤ የዚህ አገር አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ከቆዳ ላይ ብቅ እንዳለ ይተናል። ቨርጂኒያ ሳሉ ሸሚዝዎ ከጀርባዎ ሲጣበቅ ውሃ እንዳነሰዎት ያውቁ ነበር፤ እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነግርዎት ራስ ምታቱ ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። አዲስ አበባ ከዚህም ስለምትበልጥ ብዙዎቻችን የደጋ ሰዎች ነን ብለን እንተማመናለን፤ ነገር ግን በቆላ ለዓመታት የኖረ ሰውነት ያንን ልምድ ይተዋል፤ እዚያ ተወልደው ያደጉ ልጆች ደግሞ ከመነሻውም አልነበራቸውም።

ስለዚህ በበጋ ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ ፀሐይ ሳትከር ተመለሱ። ልጆቹ እስኪጠማቸው ሳይጠብቁ ጥቂት በጥቂት ይጠጡ፤ ጨው ያለበት ቆሎም ይያዙላቸው።

ላ ሉዝ የሚባለውን ታዋቂ የእግር መንገድ ለአሁኑ ይተዉት። ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሽቅቡም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በሐምሌ ከጓደኛዬ ጋር ዘግይተን ጀምረን፣ ከላይኛው የድንጋይ ናዳ ላይ ስንደርስ ደመናው ከመቅጽበት ጠቆረ። የክንዴ ፀጉር ሲቆም ተሰማኝ፤ ወዲያው መብረቅ በአቅራቢያችን ወደቀና ያንን ሁሉ ዳገት በሩጫ ወረድነው። ዝናቡ እዚህም እንደ አገራችን ክረምት በሐምሌ ይበረታል፤ የሚመጣውም በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የዋለ ሰው ከቀትር በፊት መውረድ አለበት። ደረቅ የወንዝ ሸለቆዎችንና በከተማው ውስጥ ያሉትን የሲሚንቶ ቦዮች ልጆቹ መጫወቻ እንዳያደርጓቸው አደራ፤ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ሳለ ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

መልስ፦ ባለብስክሌቷ

ለልጆች ከሁሉ የምመርጠው ፓሴዎ ዴል ቦስኬ የተባለውን መንገድ ነው። በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር 26 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ተነጥፎ ይሄዳል፤ የመኪና መንገድ ስለማያቋርጠውም የ7 ዓመት ልጅ ያለ ሥጋት ትነዳበታለች። ኮተንውድ የተባሉት ትልልቅ ዛፎች ብዙውን ቦታ ያጠሉታል፤ በጥቅምትም ቅጠላቸው ቢጫ ሲሆን እውነተኛ ውበቱ ያኔ ነው። በብርዱ ወራት ሳንድሂል ክሬን የሚባሉ እግረ ረጃጅም ወፎች ከሰሜን መጥተው በወንዙ ዳር ይከርማሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ከመንገዱ ዳር የሚበቅለው እሾህ ያው የምናውቀው ኩርንችት ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን አረፍ ለማለት ብስክሌቴን ሣሩ ላይ አስተኝቼ ስመለስ ከአንድ ጎማ ብቻ ዘጠኝ እሾህ ነቅያለሁ። በጎማው የውስጥ ላስቲክ ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽ አስቀድመው ያስሞሉ፤ ብስክሌቶቹንም ከአስፋልቱ አያስወጡ።

መልስ፦ የተራራው ጎረቤት

ለእናትዎ ደግሞ የሳንዲያ ፒክ የኬብል መኪና አለላቸው። ከ1966 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ 4.3 ኪሎ ሜትሩን በ15 ደቂቃ ገደማ ወጥቶ ከ3,100 ሜትር በላይ ያደርሳል። ከላይ ከከተማው ይልቅ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ ይያዙላቸው፤ ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው ከሆነ ግን አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ነፋስ ሲበረታ ስለሚቆም ከመነሳትዎ በፊት ስልክ ይደውሉ።

ከከተማው በስተምዕራብ በፔትሮግሊፍ ብሔራዊ ቅርስ ውስጥ ሪንኮናዳ ካንየንን ማየትም ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው። የፑዌብሎ ሕዝቦች በጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ከቀረጿቸው ምስሎች በመቶዎች የሚቆጠሩትን 3.5 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዙር ያገኟቸዋል። ጥላም ውሃም ስለሌለው ማለዳ ብቻ ይሂዱ። ቦታው ለባለቤቶቹ እስከ ዛሬ የተቀደሰ ነውና ልጆቹ ምስሎቹን በእጃቸው እንዳይነኩ ይንገሯቸው፤ የእጅ ቅባት ድንጋዩን ይጎዳዋል። እባብም ስላለ ከመንገዱ አይውጡ።

ጠያቂ፦ አዲስ ነዋሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማለዳ በቦስኬ በብስክሌት 8 ኪሎ ሜትር ሄደን ፀሐይ ሳትከር ቤታችን ገባን፤ ልጄም በየመሐሉ ውሃዋን እየጠጣች ደህና ዋለች። እናቴን ትናንት ተራራው ላይ ይዤያቸው ወጥቼ ነበር። ከኬብሉ መኪና እንደወረዱ ነጠላቸውን ተከናንበው የጥዱን ሽታ እየሳቡ ጥቂት ቆሙና፣ «ይኸማ እንጦጦ ነው» አሉኝ። ሐሙስ ደግሞ ውሰደኝ ብለዋል።