ከኬጅ የወጡ ዶሮዎችን ከሀበሻ ዶሮዎቼ ጋር እንዴት ላላምዳቸው?

የአጂፕ ሰፈሯ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ነው የምኖረው፣ አጂፕ አካባቢ። ግቢዬ ውስጥ ስድስት የሀበሻ ዶሮዎችና አንድ አውራ አሉኝ። ቀን ግቢ ውስጥ ሲጭሩ ይውላሉ፣ ማታ ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ እርባታ እንቁላል የቀነሱ ዶሮዎቹን እየሸጠ ነው ሲባል ሰምቼ ለወጥ ሁለት ልገዛ ሄድኩ። ዶሮዎቹ በሽቦ ኬጅ ውስጥ አራት አራት ሆነው ተጣበው ቆመዋል። አንገታቸውና ጀርባቸው መላጣ ነው። አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ነጥቶ ወደ ጎን ወድቋል። ምንቃራቸው ጫፉ ላይ ተቆርጧል። አይቼ ማረድ አልቻልኩም። አሥር ገዝቼ መጣሁ።

ቤት እንደደረስኩ ከእኔዎቹ ጋር ግቢ ውስጥ ለቀቅኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ የእኔዎቹ ተረባርበው ይነቁሯቸው ጀመር። አዲሶቹ መሸሽ እንኳ አያውቁም። ግድግዳ ሥር ተከማችተው ቆሙ። አንዷ አናቷ ደማ። ሌላዋ ከመጣች ጀምሮ በደንብ መቆም አልቻለችም። አሁን ሁሉንም ሰርቪስ ቤት ውስጥ ዘግቼባቸዋለሁ። ውኃ በሳህን ባስቀምጥላቸውም አይጠጡም፣ ዝም ብለው ያዩታል።

መቼ ነው ላቀላቅላቸው የምችለው? ምን ላብላቸው? የመላጣዎቹ ላባስ ይመለሳል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ

እህቴ፣ መለየትሽ ትክክል ነው። ለአራት ሳምንት እንደተለዩ ይቆዩ። ብዙ ሰው የሚፈራው መነቃቆሩን ነው። እኔ የበለጠ የምፈራው በሽታውን ነው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። የእርባታ ዶሮ ብዙውን ጊዜ የፈንግል ክትባት ወስዷል። የተከተበ ዶሮ ደግሞ ራሱ ሳይታመም ቫይረሱን ሊያዛምት ይችላል። ያንቺ የሀበሻ ዶሮዎች ካልተከተቡ ፈንግል ከገባባቸው ላይተርፉ ይችላሉ። በሌላ በኩል፣ ግቢ ውስጥ የሚውሉት ያንቺ ዶሮዎች ኮክሲዲያ (አንጀት የሚያጠቃ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ) እና የሆድ ትል ከመሬት ይለቅማሉ። በሽቦ ላይ የኖሩት አዲሶቹ እነዚህን አያውቋቸውም። ስለዚህ አደጋው የሁለቱም ወገን ነው።

በየቀኑ መጀመሪያ የድሮዎቹን መግቢ፣ ከዚያ አዲሶቹን። ጫማሽን ቀይሪ፣ እጅሽን ታጠቢ። ዕቃቸውም የየራሳቸው ይሁን። ኩሳቸውን እዪ። ደም ካየሽበት፣ አረንጓዴና ውኃ መሰል ከሆነ፣ ወይም ከመካከላቸው አንዷ አንገቷ ከተጣመመ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ በራስሽ መድኃኒት ገዝተሽ አትስጪ። ሐኪም ይይልሽ። የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለበት ከተማ ነው የምትኖሪው፣ ተጠቀሚበት።

መቆም ስላቃታት፦ በጋሪ ወይስ በምን አመጣሻቸው?

የአጂፕ ሰፈሯ (ጠያቂ)

አመሰግናለሁ ዶክተር። እግራቸውን አስረው ቁልቁል አንጠልጥለው ነው የሰጡኝ። እኔም እንደዚያው ይዤ ባጃጅ ላይ ጫንኳቸው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ

እንደዚያ ጠርጥሬ ነው የጠየቅኩሽ። ሁላችንም ዶሮ የምንይዘው እንደዚያ ነው፣ አትዘኚ። ግን ለወደፊቱ እወቂው። የኬጅ ዶሮ አጥንቷ ደካማ ነው። አንድ የእንቁላል ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይወስዳል። እሷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ስትጥል ኖራለች። ከመኖ የጎደለውን ከራሷ አጥንት ነው የምታወጣው። እንቅስቃሴ የለም፣ አጥንቷ አይጠነክርም። ስትንጠለጠል ወይም ክንፏ ሲያዝ በቀላሉ ይሰበራል።

የማትቆመዋን ለብቻዋ በካርቶን ውስጥ አስተኚያት፣ ሥሯ ድርቆሽ ይሁን። ምግብና ውኃ አፏ አጠገብ አድርጊላት። በሁለት ሦስት ቀን ለውጥ ከሌለ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉንም ስታነሺ ክንፋቸውን ከሰውነታቸው ጋር አጥብቀሽ፣ በሁለት እጅ፣ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ ያዢ።

ቦሳ ቀጦ እንቁላል አቅራቢ

እኔ እንቁላል ጣይ ዶሮ አረባለሁ፣ የውኃውን ነገር ልመልስ። ብዙ ኬጅ ቤት ውኃ የሚጠጡት ከቧንቧ ላይ በሚንጠባጠብ ኒፕል ነው። ሳህን አይተው አያውቁም። ውኃ መሆኑን አልተረዱም። አንዷን ያዥና የምንቃሯን ጫፍ ብቻ ውኃው ውስጥ ነከር አድርጊ። አፍንጫዋ አይግባ። ሁለት ሦስቱ ሲለምዱ ሌሎቹ አይተው ይጠጣሉ። ይህን ዛሬውኑ አድርጊው፣ ነገ አትበይ።

ምግብ ላይ፦ ምንቃራቸው ስለተቆረጠ መሬት ላይ የተበተነ እህል መልቀም ይቸገራሉ። የተፈጨ የእንቁላል ጣይ መኖ ጥልቅ በሆነ ዕቃ ስጫቸው። ለአንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ይበቃታል። ፉርሽካና የወጥ ቤት ትርፍራፊ ብቻ ከሰጠሻቸው ይከሳሉ፣ የለመዱት እሱን አይደለም። በቆሎ፣ ጎመን፣ እንጀራ ፍርፋሪ ቀስ እያልሽ፣ በሳምንት አሥር ቀን ውስጥ አለማምጃቸው። የእንቁላል ቅርፊት አድርቀሽ፣ ቆላ አድርገሽ፣ ድቅቅ አድርገሽ ፍጪና በሌላ ዕቃ አስቀምጪ። የፈለገች ትወስዳለች።

አንድ ነገር ግን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። እንቁላል ሊያቆሙ ይችላሉ። እርባታ ውስጥ መብራት እየበራላቸው በቀን እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ያገኛሉ። ጅማ ላይ ክረምት ከበጋ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ብርሃኑ ሲቀንስ ሰውነታቸው መጣል ያቆምና ላባ ማብቀል ይጀምራል። ያኔ «ታመሙ» ብለሽ እንዳትደነግጪ። ላባው ይመለስልሻል፣ ሁለት ሦስት ወር ስጪው። ዕድሜያቸው ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ስለሚሆን እንቁላሉ እንደ ድሮው አይሆንም፣ ግን ከላባው በኋላ እንደገና ይጥላሉ።

የመንደራው

እኔ እውነቱን ልናገር፣ ቅር አይበልሽ። መኖ ውድ ነው። ለሁለት ወር እንቁላል ለማይጥሉ አሥር ዶሮዎች በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ መኖ ማቅረብ ለአንድ ቤት ቀላል አይደለም። አምስቱን አቆይተሽ አምስቱን ለሚፈልግ ብትሰጪስ? ለሁሉም አልበቃ ብሎሽ ሁሉም ከሚጎዱ።

የአጂፕ ሰፈሯ (ጠያቂ)

ቅር አላለኝም ወንድሜ፣ እኔም ሌሊቱን ሳሰላው ነበር። ሰርቪስ ቤቱ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር ነው፣ ቦታው ይበቃል። አንዲት ጎረቤቴ ሦስቱን ለመውሰድ ፈቃደኛ ናት፣ እሷ ሌላ ዶሮ የላትም። ሰባቱ እኔ ጋ ይቀራሉ። ውኃው ተሳክቷል! ምንቃራቸውን ስነክር መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ አንዷ ደጋግማ ጠጣች። ዛሬ ሁሉም እየጠጡ ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ

ጎረቤትሽ ሌላ ዶሮ ስለሌላት ማላመዱ ይቀርላታል፣ ጥሩ ነው። ግን ዶሮ ከዶሮ አይለይ፣ ሦስቱን አብረሽ ስጫት።

ወደ ክትባቱ ልመለስ። አዲሶቹ ሳምንት ያህል አርፈው፣ በልተው፣ ጤናቸው ደህና መሆኑ ሲታይ፣ ሁለቱም ወገን የፈንግል ክትባት ይውሰድ። የታመመ ወይም የተዳከመ ዶሮ አይከተብም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚዘጋጀው፣ ስለዚህ ከጎረቤት ተሰባሰቡና በአንድ ቀን አስከትቡ። ክትባቱ እስኪሰጥ ድረስ በበረዶ ይቆይ። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት አትጠቀሚ፣ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውኃ ይሻላል። መጀመሪያ ለሁለት ሰዓት ያህል ውኃ ከልክያቸውና ሲጠሙ ስጫቸው። መከላከሉ የሚጠነክረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አራት ሳምንት ያልኩሽ በዚህ ነው።

የጅሬኗ እናት

ልጄ፣ ዶክተሩ ስለ በሽታው ተናገረ፣ እኔ ስለ ጠባያቸው ልንገርሽ። ዕድሜዬን ከዶሮ ጋር ነው ያሳለፍኩት።

ዶሮ ግቢዋን ታውቃለች፣ ማን ከማን እንደሚበልጥም ታውቃለች። አዲስ ሰው ድንገት ሲገባባት ትጣላለች። ስለዚህ በፊት ይተያዩ። የዶሮ ሽቦ ግዥና ግቢሽን ለሁለት ክፈዪው። አንዱ ጋ አዲሶቹ፣ ሌላው ጋ የድሮዎቹ። ሽቦው ግራና ቀኝ ምግባቸውን አቅርቢ፣ ጎን ለጎን ይብሉ። ዶክተሩ ያለው ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው ታዲያ ይህ፣ አሥር ቀን ሁለት ሳምንት። መጀመሪያ በሽቦው ይናቆራሉ። ሲሰለቻቸው ይተዉታል። የተዉት ቀን ደርሰሻል ማለት ነው።

ከዚያ ማታ፣ በደንብ ሲጨልም፣ አዲሶቹን አንድ በአንድ እያነሳሽ ከድሮዎቹ ጋር ቤት ውስጥ አስገቢ። ዶሮ በጨለማ በደንብ አያይም፣ አይጣላም። ጠዋት ግን አንቺ ቀድመሽ ተነሺ። ሳይነጋ በሩን ክፈቺና ውጪ እንዲበተኑ አድርጊ። የጠበበ ቤት ውስጥ ከነጋባቸው ነው የሚጎዳዱት። አንድ በአንድ በተለያየ ቀን አታስገቢ፣ ሰባቱንም በአንድ ሌሊት። አንዷን ብቻ ካስገባሽ ሁሉም በእሷ ላይ ይዘምትባታል።

መመገቢያው ሦስት ቦታ ይሁን፣ ውኃውም እንደዚያው። መሸሸጊያም አዘጋጂ። አሮጌ ቅርጫት፣ የተዘረጋ ጣውላ፣ ቁጥቋጦ፣ ምንም ይሁን። የተባረረችው ከዓይን ስትሰወር ጠቡ ያበቃል።

የሚናቆሩት ትንሽ ነው፣ አትግቢባቸው። ደም ካየሽ ግን ወዲያው ለዪ። ዶሮ ደም ካየች አትተውም። ቁስሉን ጂቪ (ሐምራዊውን የቁስል መድኃኒት) ቀቢው፣ ቀዩን ይሸፍነዋል።

አውራውን ደግሞ ጀርባቸው ላባ እስኪያበቅል ለዪው። መላጣ ጀርባ ላይ ሲወጣ በጥፍሩ ይቦጭቃቸዋል።

የአጂፕ ሰፈሯ (ጠያቂ)

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጉዝጓዝ ልጠይቅ። የቡና ገለባ እዚህ በነፃ ይገኛል፣ እሱን ላንጥፍ?

የጅሬኗ እናት

እኔ አላነጥፍም። ውኃ ይይዛል፣ ይሻግታል። የጤፍ ጭድ ወይም ከአናጺ ቤት ሳጋቱራ ይሻልሻል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ

እማማ ልክ ናቸው። የቡና ገለባ ውስጥ ካፌይንም አለ፣ ዶሮ ደግሞ ጉዝጓዟን ትለቅማለች። ዋናው ግን ድርቀቱ ነው። ጅማ ዝናቡ ከበልግ እስከ መስከረም አይለቅም። ኮክሲዲያ እርጥብ ጉዝጓዝ ይወዳል። የረጠበውን በየቀኑ አንሺ። መላጣ ዶሮ ዝናብ ከመታት ቶሎ ትታመማለች፣ ሲዘንብ አስገቢያቸው።

ቆጡም ከፍ ያለ አይሁን። ለአዲሶቹ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከላይ ሲዘሉ የደረት አጥንታቸው ይሰበራል።

ቦሳ ቀጦ እንቁላል አቅራቢ

አንድ የረሳነው፦ መጀመሪያ ሰሞን ሲመሽ ወደ ቤት መግባት አያውቁም። ባሉበት ተኝተው ያድራሉ። እየለቀምሽ አስገቢ፣ በሳምንት ይለምዳሉ። የእኔን ሁለቱን በዚህ ምክንያት ሽለምጥማጥ በልቶብኛል። በሩንም በእንጨት መወርወሪያ ብቻ አትመኚ፣ በሽቦ እሰሪው።

የአጂፕ ሰፈሯ (ጠያቂ) ከሰባት ሳምንት በኋላ

ዛሬ የተመለስኩት የሆነውን ልነግራችሁ ነው።

ያቺ መቆም ያቃታት በአራተኛው ቀን ሐኪም ጋ ወስጃት እግሯ መሰበሩን ነገረኝ። አልተረፈችም። ብዙ አለቀስኩ። ሌሎቹ ስድስቱ ደህና ናቸው። የጎረቤቴ ሦስቱም ደህና ናቸው።

ክትባቱን ከአምስት ጎረቤት ጋር ሆነን አስከተብን። አንዱ ብልቃጥ ለሁላችንም በቃ። ሽቦውን ሁለት ሳምንት አቆየሁት። መጀመሪያ የእኔዋ ቀይ ዶሮ በሽቦው በኩል ቀኑን ሙሉ ትጣላ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጀርባዋን ሰጥታቸው ስትጭር አየኋት። ሁለት ሦስት ቀን ጠበቅኩና ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ከገበያ መልስ፣ አስገባኋቸው። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ ከፈትኩ። መባረር ነበር፣ ደም ግን የለም። ቅርጫቱ ሥር የሚገቡት እየቀነሱ ነው።

ሦስቱ አንገታቸው ላይ አዲስ ላባ ወጥቷል፣ እንደ እሾህ ነው ሲነካ። ትናንት ደግሞ አንዷ ምድጃ አመድ የደፋሁበት ቦታ ላይ ተኝታ ክንፏን እያራገፈች ስትታጠብ አገኘኋት። ማንም አላሳያትም። ቁጭ ብዬ አየኋት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አምስቱ ቆጥ ላይ ይወጣሉ። አንዷ ግን እምቢ አለች፣ ማታ ማታ አንስቼ ባስቀምጣትም ትወርዳለች። ላስገድዳት?

የጅሬኗ እናት

አታስገድጃት ልጄ። መሬት ላይ ትደር። ጥግ ላይ ጭድ በዛ አድርገሽ አንጥፊላት፣ ከቆጡ ሥር ግን አይሁን፣ ኩሱ ይወርድባታል። ደስ ባላት ቀን ራሷ ትወጣለች።