በፈረቃ ርክክብ ላይ ትእዛዝ እየተዛባ ተቸግረናል፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የፈረቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። የውጭ አገር ዜጋ የሆነው ሥራ አስኪያጃችን የሚሰጠው ትእዛዝ በአስተርጓሚና በመስመር መሪዎች በኩል አልፎ ሠራተኛው ዘንድ የሚደርሰው በቃል ብቻ በመሆኑ፣ የማታው ፈረቃ ከቀኑ የተረከበውን ሥራ በሌላ ልክ ሲሰፋ የሚያድርበት ጊዜ አለ። በቅርቡ ደግሞ «8 ሰዓት ላይ ይጫን» የተባለውን ዕቃ ሥራ አስኪያጁ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲጠብቅ፣ የመጋዘን ሠራተኞቹ ያዘጋጁት ከምሳ በኋላ ነበር። የሰነፈ ሰው አልነበረም፤ ወቀሳው ግን ለሁሉም ደረሰ። እናንተ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይፈታል?

መልስ (ደሴ)፦
የሰዓቱ ቀላል ነው፤ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ስለሆነ ሁለቱንም በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ፤ ቀኑንም እንዲሁ። የሚከብደው ርክክቡ ነው። እኔ ነርስ ነኝ። ተረኛ ስንቀያየር የሕመምተኛውን ሁኔታ በመዝገብ ላይ ከማስፈር ባሻገር አልጋው አጠገብ ቆመን እንነጋገራለን፤ ተረካቢዋም የሰማችውን የመድኃኒት መጠንና ሰዓት በራሷ አንደበት መልሳ ትነግረኛለች። «ገብቶሻል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ሰው አክባሪ የሆነ ሁሉ ባይገባውም ራሱን ይነቀንቃልና።

መልስ (ወልዲያ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪው ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ ሰሌዳውም ሆነ መዝገቡ አይረዳም። እኛ ወሎዬዎች በጨዋታ ማንም አይቀድመንም፤ አለቃ ፊት ቆሞ «አልገባኝም» ማለት ግን ይከብደናል (ቢያንስ እኔን ይከብደኛል)። ስለዚህ ያልገባት ልጅ ደግማ ጠይቃ ከምትገሠጽ ይልቅ በግምት መስፋትን ትመርጣለች። እርስዎ ራስዎ በቅድሚያ ይህን ቢመረምሩ መልካም ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሆኖም በአንድ መስመር ብዙ ሠራተኛ ስላለ ሁሉንም መልሶ ማስነገር ሥራውን አያጓትትም?

መልስ (ደሴ)፦
የመስመር መሪዎቹ ብቻ መልሰው ይናገሩ፤ ለሌሎቹ ልኩ የተጻፈበት ናሙና ልብስ በየመስመሩ ይሰቀል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ካለም ሰዓቱና ክፍያው አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት የሚሠራው በ1.5፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ ስለሚከፈል፣ ይህ ሳይነገር ከቀረ ጭቅጭቁ በደመወዝ ቀን ይነሳል።